ብሮንቤከን ጅረት ነው

ጡረታ ስወጣ በሰጡኝ ወረቀት ላይ ሥራዬ «ረዳት የግቢ ጽዳት ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፏል። ልክ አይደለም። ማንንም አልረዳሁም፣ ግቢም አልጠረግሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በኦስሎ፣ በግሮሩድ ሸለቆ የሚወርዱትን ጅረቶች አፍ ስከፍት ነው የኖርኩት። ወረቀቱን ያዘጋጀችው ልጅ እንድታስተካክለው ብጠይቃት በኮምፒውተሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ የለም አለችኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ከሌለ እኔ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ትርንጎ እባላለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ይህን የምጽፍበትን ፊደል ያስቆጠረችኝ ጎረቤቴ ለተብርሃን ናት፤ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የምታንስ፣ ምላሷ ግን በሃያ ዓመት የሚበልጠኝ ሴት። አጻጻፌ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ታገሱኝ። እግሬም አፌም መዞር ይወዳሉ።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ኦስሎ የተወለዱት ልጆቻችን እንኳን አያውቁትም። ከግሮሩድ በላይ ካለው ጫካ ብዙ ትናንሽ ጅረቶች ይወርዳሉ። ድሮ እስከ ታች ድረስ በሜዳ ይፈስሱ ነበር አሉ። ፎቆቹ ሲሠሩ ጊዜ ቱቦ ውስጥ ተከተቱና በላያቸው መኪና ማቆሚያ ተነጠፈ። ጅረቱ ከጫካው እየዘለለ መጥቶ ቤቶቹ አጠገብ ሲደርስ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ቱቦው አፍ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ። ቅጠሉ፣ ቅርንጫፉ፣ ፌስታሉ፣ አንዳንዴም ብስክሌት እዚያ ላይ ይያዛል። ፍርግርጉ ከተዘጋ ውሃው ቆሞ አይጠብቅም፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ያ ሌላ መንገድ የሰው ቤት ነው።

ከዚያ በፊት ኦከርን አንድ ሕንፃ ውስጥ ቢሮ አጸዳ ነበር። መስኮቱ የማይከፈት ሕንፃ ነው። ሥራዬን ስጨርስ ባቡር ትቼ ቤቴ እስካለበት እስከ ቫይትቬት በእግሬ እሄድ ነበር፤ እንዲያው አየር ለመሳብ። ኮንትራቴ አልቆ ሥራ አገናኝ ቢሮ ስሄድ ሴትዮዋ ምን እንደምችል ጠየቀችኝ። አስተርጓሚው ቀና ብሎ አየኝ። መሄድ እችላለሁ አልኩ። ሳቀች፤ ከዚያ ግን ጻፈችው። በወሩ ቡትስ እና ቱታ ሰጥተው ኦድቫር የሚባል ሽማግሌ ጋ ላኩኝ።

ኦድቫር ረጅም፣ ከከንፈሩ ሥር ትንባሆ የማይጠፋ፣ በቀን ከአሥር ዓረፍተ ነገር በላይ የማይናገር ሰው ነበር። የመጀመሪያው ቀን የብረት መንሼን ከእጄ ወሰደና ዛሬ የምታዪበት ቀን ነው አለኝ። ሲሠራ አየሁ። የተዘጋን ፍርግርግ ከመሃል አይነካም። ከመሃል ከነካኸው ውሃው በአንዴ ይሳብና መንሹንም ሰውዬውንም ይዞ ፍርግርጉ ላይ ይለጥፋል። ከዳር ቆሞ፣ ከላይ ጀምሮ፣ በትንሽ በትንሹ እየጎተተ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል። ያወጣውን ቅጠል ዳር ላይ አይተወውም፤ ሦስት እርምጃ ወደ ላይ ይከምረዋል። ዳር ላይ የተተወ ቅጠል በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይገባል፤ እንዲህ የሚሠራ ሠራተኛ የገዛ ራሱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ያወጣውን ደግሞ ሳያየው አያልፍም። ጭቃው ቀይ ከሆነ ከላይ የሆነ ቦታ ዳርቻው እየተናደ ነው። ሰጋቱራ ካለበት ጫካው ውስጥ ዛፍ እየተቆረጠ ነው፤ በሳምንቱ ቅርንጫፍ ይመጣል ማለት ነው። እኔ ያን ጊዜ በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ አልችልም ነበር። ይህን ግን በሁለት ወር ውስጥ ከእሱ እኩል አነብ ጀመርኩ፤ አንዳንዴም እቀድመው ነበር።

ሌላም ልማድ ነበረው። በየአጥሩ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ባየ ቁጥር ይቆምና እናትህ ይህን ውሃ ማን ትለው ነበር ብሎ ይጠይቃል። ኖርዌጂያኖች ምሳቸውን ይዘው ሲወጡ በዳቦዎቹ መሃል የሚያደርጓት ስስ ወረቀት አለች። የሰማውን ስም በእርሳስ እሷ ላይ ይጽፍና ኪሱ ይከታል። ቅቤ የነካው ስም ስንቱን አየሁ። ስሙ ምን ያደርግልሃል ብዬ አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«ስም ለሌለው ጅረት ማንም ስልክ አይደውልለትም» አለኝ።

ገባኝ። ሰው ለማዘጋጃ ቤቱ ሲደውል የእገሌ ጅረት ሞልቷል ነው የሚለው። ስሙን ካላወቀ ውሃ አየሁ ይልና ይዘጋዋል።

ከምንጠብቃቸው አሥራ አንድ ቦታዎች አንዱ ብሮንቤከን ይባላል። ብሮን በእነሱ ቋንቋ የውሃ ጉድጓድ ነው፣ ቤክ ደግሞ ጅረት። መጀመሪያ የወሰደኝ ነሐሴ ላይ ነበር። ድንጋይና ደረቅ ሣር ብቻ ነው፤ ድመት የምታልፍበት ስርጥ መስሎኝ ሳቅሁ። ኦድቫር አልሳቀም። ደረቁን ፍርግርግ ጎንበስ ብሎ በእጁ ጠረገው። በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ መልሶ ወሰደኝ። ውሃው ከላይ ይመጣል ብዬ ሽቅብ ሳይ፣ ለካ ከእግሬ ሥር ነው። ሣሩ መሃል ከመሬቱ ሽንቁር ቡልቅ፣ ቡልቅ እያለ ይፈላል፤ ልክ እንደ ድስት። ከሰዓት በኋላ ጉልበቴ ድረስ ሆነ። ሰኔ ላይ ጠፋ። በጥቅምት ዝናብ ተመልሶ መጣ። እኔ ባደግሁበት አገርም እንዲህ ያለ ነበረን፤ የክረምት ወንዝ እንለዋለን። በጋ ላይ ከብት ይሻገረዋል፣ ሴቶች እህል ያሰጡበታል፤ ቤት የሚሠራበት ሰው ግን አልነበረም።

ኦድቫር ጡረታ ወጣ። በእሱ ቦታ ሼቲል መጣ። ሼቲል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለልጄ ሠርግ ጠርቼው የመጣ ሰው ነው። ግን ሥራውን በታብሌት ነበር የሚያየው። አንድ ጠዋት ቢሮ ጠራኝና አዲሱን ዝርዝር አነበበልኝ። አሥራ አንዱ ዘጠኝ ሆኗል። ብሮንቤከን የለበትም። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፣ መኪና እስከዚያ መላክ ብክነት ነው አለኝ። ከዚያ፣ ይህን ሳልደብቅ ልጻፈው፣ «ትርንጎ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ያ» አልኩ፤ በእነሱ ቋንቋ እሺ ማለት ነው። ፈረምኩ።

የት ጋ እንደምፈርም በጣቱ አሳየኝ እንጂ፣ ምን እንደምፈርም አላወቅሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም። አውቅ ነበር። ኮንትራቴ ሊታደስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ደግሞም ይሉኝታ ይዞኛል፤ አለቃ አክብሮ ሲጠይቅ አይሆንም ማለት አፌ አልለመደውም። በራሴ ጊዜ ሄጄ እጠርገዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የመጀመሪያውን ዓመት እውነትም ሄድኩ። በሁለተኛው ጉልበቴን አመመኝ፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ።

በዚያው ኅዳር ሦስት ቀን ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ለተብርሃን ደወለችልኝ። ያን ጊዜ የምትኖረው ከብሮንቤከን በታች፣ ከተዳፋቱ ሥር፣ ግማሹ መሬት ውስጥ በሆነ ቤት ነው። ስደርስ አልጋው ላይ ቆማለች፤ ከታች ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ደረሰብኝ። ሻንጣዬን አውጪልኝ አለችኝ። ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ውስጡ የባሏና በልጅነቷ የሞተችባት ልጇ ፎቶግራፎች ነበሩ፤ ከአስመራ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ካርቱም፣ ከካርቱም እዚህ የተሸከመቻቸው። እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ለመለያየት ሞከርን። አንዱን ስናነሳ የልጅቷ ፊት ከወረቀቷ ተነስቶ የሌላው ፎቶ ጀርባ ላይ ቀረ። ለተብርሃን ቀስ ብላ መልሳ ደራርባ አስቀመጠቻቸውና ተይው አለችኝ።

የኢንሹራንስ ሰዎች መጥተው የጣሪያ አሸንዳ ተሰብሮ ነው ብለው ጻፉ። አሸንዳው እውነትም ተሰብሮ ነበር። እኔ በዚያው ቀን ከሰዓት ወደ ብሮንቤከን ወጣሁ። የቅጠሉ ግድግዳ እስከ ወገቤ ነው። ብቻዬን፣ ከዳር ጀምሬ፣ ከላይ ጀምሬ ከፈትኩት። ጨርሼ ቱቦው ውሃውን ሲውጥ እየሰማሁ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቤቴ ሄድኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ለተብርሃን ቫይትቬት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጣት። በዚያው ክረምት ነው ፊደል ያስጀመረችኝ። ኩሽናዋ ውስጥ አስቀምጣ «ሰባ ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ ሀ እና ሐን ሳትለዪ ልትሞቺ ነው?» ትለኛለች። እኔ ቀና ብዬ አላያትም። ድንቁርናዬ ያሳፈረኝ መስሏት የምትጋግረውን ኬክ ትጨምርልኛለች። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አሁን ወደ ነገሩ። ባለፈው ጥር ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ አንድ ወረቀት ገባ። የልጅ ልጄ ሶስና አነበበችልኝ። እዚሁ የተወለደች ናት፣ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ታጠናለች፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር ያለ አይመስላትም፣ እኔም ትቼዋለሁ። ወረቀቱ የሚለው ብሮንቤከን ያለበት ስርጥ ተሞልቶ ባርነሃገ፣ ማለት የሕፃናት መዋያ፣ ሊሠራበት ነው፣ አስተያየት ያለው ሰው ስብሰባ ይምጣ ነው። አሮጌው ፍርግርግ ይነሳል፣ የቱቦው አፍ በአፈር ይደፈናል ይላል። የሕፃናት መኝታ ክፍል የተሳለው ልክ ውሃው ከሚፈላበት በላይ ነበር።

ይህ እኮ ጅረት ነው አልኳት። ስለ ሚያዝያና ስለ ነሐሴ ነገርኳት።

«ያ፣ አያቴ፣ ቆይ» አለችኝ። «ይሄ እኮ ቦርን ነው።»

ምን ማለት ነው ብላት አስረዳችኝ። የድሮ እንግሊዞች ምንጭንም ጅረትንም ቡርና ይሉ ነበር። ቃሉ ከኖርዌጂያኑ ብሮን ጋር እህትማማች ነው፤ ጀርመኖችም ብሩነን ይላሉ። አንዳንድ ሊቃውንት ሥሩ መፍላት ከሚል ቃል ነው ይላሉ፤ ውሃው ከመሬት ፈልቶ ስለሚወጣ። በሰሜን በኩል እና ስኮትላንድ ውስጥ እስከ ዛሬ ማንኛውንም ጅረት በርን ይላሉ። በደቡብ ግን ቦርን የሚባለው በብዛት አንድ ዓይነት ጅረት ነው፤ በክረምት የሚመጣና በበጋ የሚጠፋ። የክረምት ቦርን የሚባሉ መንደሮች አሉ። ድንበር ማለት የሆነ ሌላ ቦርን ደግሞ ከፈረንሳይ መጥቷል፤ እሱ ዘመድ አይደለም፣ መልኩ ብቻ ነው የሚመስለው።

«በበጋ ሲጠፋስ ስሙን ያነሱበታል?» አልኳት።

«ናይ፣ አያነሱም። መንደሩ ራሱ እኮ በሱ ስም ነው የሚጠራው።»

ያላየኋቸው የእንግሊዝ ገበሬዎች፣ በትምህርት ቤት ሳይሆን እግራቸው ረጥቦ ያወቁት ነገር ነው። ውሃው ሲተኛ የለም አላሉም። እኛም አላልንም። ኦድቫርም አላለም። የለም ያልነው ሼቲልና እኔ ነን፤ ሼቲል ደግሞ አያውቅም ነበር።

ስብሰባው የተደረገው ቫይትቬት የገበያ ማዕከሉ አጠገብ ባለ አዳራሽ ነው። ለተብርሃን ጎረቤቶቿ ሁሉ ስለሚሄዱ እሷም መጣች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ሶስና ከኋላ ነበረች። የፕሮጀክቱ መሪ ወጣት፣ ትሑት ሰው ነው። ካርታ በግድግዳው ላይ አሳየ። በዚያ ቦታ ጅረት የለም አለ፤ ነሐሴ ላይ ሁለት ጊዜ ሄደው አይተዋል፣ በሥራ ዝርዝርም ላይ የለም። እጄን አነሳሁ። ስለ ውሃው ተናገርኩ። ለልጅ እንደሚናገር እየዘገየ፣ ደስ ብሎት እንደሰማኝ፣ ነገር ግን የጽሑፍ ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ከሰባት ዓመት በፊት በተዳፋቱ ሥር ጎርፍ ነበር አልኩት። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና ያማ የአሸንዳ ብልሽት መሆኑ ተረጋግጧል አለኝ። አመሰገነኝ። ሌላ ጥያቄ አለ ብሎ ዓይኑን ወደ ሌላው ሰው አዞረ።

ያን ጊዜ መቀመጥ እችል ነበር። የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ፤ አሮጊት ናት ብለው ያልፉኛል፣ ለተብርሃንም እጄን መታ መታ አድርጋ ታጽናናኛለች። ጉልበቴ ራሱ ሊቀመጥ ፈልጎ ነበር። አልተቀመጥኩም።

ማስረጃ አለኝ አልኩ። ከዝርዝራችሁ ውስጥ የወጣው ጅረት ስላልሆነ አይደለም፤ እኔ ፈርሜ ነው የወጣው። ውሃው ከጣሪያ አልመጣም። በዚያው ቀን ፍርግርጉን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ቅጠሉ እስከ ወገቤ ነበር። እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ ሥራዬን ላለማጣት ብዬ ያ አልኩ። አሁን ሥራ የለኝም፣ ስለዚህ ናይ እላለሁ። ሕፃናት የምታስተኙት ውሃ ላይ ነው። ይህን ሁሉ በተሰባበረው ኖርዌጂያኔ ተናገርኩ፤ ማንም አላቋረጠኝም።

ለተብርሃን ዞር ሳትል በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሰባት ዓመት?»

«ሰባት ዓመት።»

ቦርሳዋን አነሳችና ተነሳች። በሩ ወደ ኋላ ነው፤ እሷ ግን ወደ ፊት ሄደች፣ ካርታው ድረስ። ቀሚሷን ትንሽ ከፍ አድርጋ ቅልጥሟ ላይ በእጇ መስመር አሰመረች።

«ውሃው እስከዚህ ነበር» አለችው። «ከየትኛው ጣሪያ ነው ይሄ ሁሉ የሚወርደው? ያቺ ሴትዮ ዋሽታኛለች። ዛሬ ግን እውነቷን ነው።»

ከዚያ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ከእኔ ርቃ ተቀመጠች።

የዚያን ቀን ምንም አልተወሰነም። ነገሩን እስከ ጸደይ አቆዩት። በሚያዝያ ውሃው ሣሩ ውስጥ ሲፈላ ባየሁበት ጠዋት ሶስና ደወለችላቸው። ወጣቱ መሪ በጥሩ ጫማ መጣ፤ ጫማው ከዚያ ወዲያ ጥሩ አይደለም። ቁጭ ብሎ ውሃው ውስጥ እጁን ከተተና ለረጅም ጊዜ አቆየው። በአዲሱ ሥዕል ላይ ባርነሃገው ወደ ዳገቱ ወጥቷል፣ ስርጡ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ በሰማያዊ ቀጭን መስመርም ብሮንቤከን ተብሎ ተጽፎበታል። የእነሱን ፊደል ሶስና አስለይታኝ እኔ ራሴ አነበብኩት።

ፍርግርጉን ግን ማን እንደሚጠርገው እስከ ዛሬ በማንም ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ስለዚህ እኔ እጠርጋለሁ። በመስከረም ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ሠራተኛ ስላልሆንኩ የግንባታው አጥር ውስጥ እንዳልገባ፣ ለደኅንነቴ ሲባል። ታዲያ ፍርግርጉን ማን ይጠርገዋል ብዬ ጠየቅሁ፤ መልስ የለም። እስኪመልሱልኝ ድረስ እገባለሁ። ከዳር እንደሚጀመር የማውቅ እኔ፣ ለደኅንነቴ የሚያሰጋው ከየት እንደሚመጣ ከእነሱ የተሻለ አውቃለሁ።

ለተብርሃን ከስብሰባው በኋላ አላነጋገረችኝም። በሯን አንኳኳሁ፤ ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል፣ አይከፈትም። ባቡር ጣቢያ ስንገናኝ ሰላምታዬን በአንገቷ ትመልሳለች። ፊደል የተማርኩበትን ደብተር መልሼ ልሰጣት አስቤ ነበር፤ ይሄም ሌላ ሽሽት ነው ብዬ ተውኩት። ይቅር በይኝ ብዬ አልለመንኳትም። ያጠፋሁትን ተናግሬያለሁ፤ ይቅር ማለት የእሷ ሥራ ነው፣ በእኔ ሰዓት አይሠራም።

በዚህ ኅዳር አንድ ማለዳ፣ ሁለት ቀን ዘንቦ ሲያባራ፣ ፍርግርጉ ላይ ነበርኩ። ቅጠሉን ወደ ላይ ስከምር ከኋላዬ ድንጋይ ሲንኳኳ ሰማሁ። ለተብርሃን ናት፤ በሱፍ ካፖርቷና በቤተ ክርስቲያን ጫማዋ፣ አንድ እጇ አጥሩን ይዟል። ከየት እንዳወቀች አልጠየቅሁም። ምናልባት ሶስና ነች። ውሃው ቡናማ ሆኖ እየጮኸ ወደ ቱቦው ይገባል። ለብዙ ጊዜ አየችው፤ ፊቷ አልተለወጠም።

«ይሄ ነው?» አለች።

«እሱ ነው።»

«ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ነው» አልኳት።

አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ መጥቶ ፍርግርጉ ላይ ተጋደመ። ከዳር ይዤ ጎተትኩት፤ አልመጣም፣ ጉልበቴ ሸሸኝ። ለተብርሃን ጫማዋን አየች፣ ጭቃውን አየች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። በካልሲዋ መጣችና የቅርንጫፉን ሌላ ጫፍ ያዘች። ከመሃል አትያዢው አልኳት። አየሁት፣ አስተማሪ አታብዢብኝ አለችኝ። አብረን ጎተትነው፣ ወጣ፤ ሦስት እርምጃ ወደ ላይ ወስደን ጣልነው። ካልሲዋን ጨመቀች።

«ይቅር አላልኩሽም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ቡትስ ግዢልኝ። ቁጥሬ ሠላሳ ስምንት ነው።»